ሙጉ በደጅ፣ ራውተር በጠረጴዛ፦ ስለ ሂንዱ ልማዶችና ስለ ሰርተፊኬት ፈተና ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሃይደራባድ ተምሬ ከተመለስኩ ወዲህ ስለ ህንድ የማይጠይቀኝ ሰው የለም። አንዱ ልጁን ሊልክ ነው። ሌላዋ መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ከህንዶች ጋር ትሠራለች። ሌላው የኔትወርክ ሰርተፊኬት ሊፈተን ነው፤ «እነሱ እንዴት ነው የሚያጠኑት?» ይለኛል። ዞሮ ዞሮ ሁሉም አንድ ነገር ላይ ይመጣል፦ እነዚያ ሁሉ የሂንዱ ልማዶች በኮምፒውተር ዘመን ምን ሆኑ? ጥያቄው ሲደጋገም ጊዜ መልሱን እዚህ ሰበሰብኩት።

አብዛኛውን ያየሁት በሁለት ሰዎች በኩል ነው። አንዷ «አማ» የምንላቸው አከራያችን ናቸው። ሌላው አንድ ክፍል የተጋራነው የኩምባኮናም ልጅ ነው። ኩምባኮናም በታሚል ናዱ ያለች፣ ቤተ መቅደስ የበዛባት ከተማ ናት። ቡናቸውን በወተትና በቺኮሪ ነው የሚጠጡት። ይቅር ብያቸዋለሁ።

ሂንዱነት እየጠፋ ነው እንዴ?

ኧረ በጭራሽ። እ.ኤ.አ. በ2011 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በተደረገው ቆጠራ ከህንድ ሕዝብ 79.8 በመቶው ሂንዱ ነው፤ 966 ሚሊዮን ገደማ ማለት ነው። በ2025 መጀመሪያ ፕራያግራጅ በምትባለው ከተማ ለኩምብ ሜላ በዓል ወንዝ ወርዶ የተጠመቀውን ሰው መንግሥት ከ600 ሚሊዮን በላይ አድርሶታል። ቁጥሩ ተጋነነ የሚል ይኖራል። ግማሹን ብትጥሉትስ?

እየሳሳ ያለው ሌላ ነው። በየቀኑ፣ እቤት ውስጥ፣ ማንም ሳያይ የሚደረገው ነገር ነው። በዓሉ ደምቋል፣ አዘቦቱ ግን ሳስቷል። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ስታነቡ ይቺን ያዙልኝ።

ምኑ ነው የሳሳው? ምሳሌ ስጠን።

ሳንድያቫንዳናም የሚባል ጸሎት አለ። የተቀደሰው ክር የታሰረለት ወንድ በቀን ሦስት ጊዜ ያደርገዋል፦ ጎህ ሲቀድ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ። ውሃ በመዳፉ ይዞ ይረጫል፣ ትንፋሹን ይገዛል፣ ቬዳ ከሚባሉት የጥንት ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ ከሆነው ከሪግቬዳ ጋያትሪ የምትባለዋን ጥቅስ እየደጋገመ በልቡ ይላታል። ጋያትሪ 24 ክፍለ ቃል ብቻ ናት። የሚከብደው ሰዓቱ ነው። ለአሜሪካ ደንበኛ ሌሊት የሚሠራ የኮምፒውተር ባለሙያ ጎህ ሲቀድ ገና በመሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ እየተንጠራራ ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነው። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ተኝቷል።

የክፍል ጓደኛዬ እናት በየጠዋቱ ይደውሉ ነበር። ታሚል አልችልም፤ «ሳንድያ» የምትለዋን ቃል ግን እሰማለሁ። እሱ የጥርስ ብሩሹ አፉ ውስጥ እንዳለ «አድርጌያለሁ» ይላል። ከዚያ እኔን ያየኛል። እኔም ግድግዳውን አያለሁ።

ክሩ ራሱ ኡፓናያና በሚባል ሥርዓት ነው የሚታሰረው። በድሮው ደንብ የብራህሚን (የካህናቱ መደብ) ልጅ ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነው ይታሰርለትና ቬዳ ሊማር ወደ መምህሩ ይሄዳል። ዛሬ ብዙ ቤተሰብ ነገሩን እስከ ሠርጉ ሰሞን ያቆየዋል። ለትምህርት መግቢያ የነበረው ለጋብቻ መግቢያ ሆነ።

ክሩን የሚያስረው ሁሉም ሂንዱ ነው?

አይደለም። በልማዱ ሦስቱ የላይኛ መደቦች ወንዶች ናቸው፤ በተግባር ደግሞ በብዛት ብራህሚኖች። ስለዚህ «የሂንዱ ልማድ ጠፋ» የሚል ሰው ስታገኙ የማን ልማድ እንደሆነ ጠይቁት። የአንዱ አያት የሚናፍቁትን የሌላው አያት በሩቁም አያውቁት ይሆናል።

ቤት ደጃፍ ላይ የሚሳለው ነጭ ነገር ምንድን ነው?

ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ። ቴሉጉዎች ሙጉ ይሉታል። ታሚሎች ኮላም፣ በሌላው የህንድ ክፍል ደግሞ በብዛት ራንጎሊ ይባላል።

አማ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይወጣሉ። ደጁን ይጠርጋሉ፣ ውሃ ይረጫሉ። ከዚያ ከጣሳው ዱቄት በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥረው መጀመሪያ ነጥብ ይጥላሉ። ነጥብ በረድፍ፣ ረድፍ በረድፍ ላይ። ሲጨርሱ በነጥቦቹ መሀል መስመሩን ያስኬዱታል፤ እየዞረ፣ እየታጠፈ፣ አንዱንም ነጥብ ሳይነካ ሁሉንም ከቦ የተነሳበት ቦታ ይመለሳል። ጎንበስ እንዳሉ ነው፣ ጉልበታቸው አይታጠፍም። አምስት ደቂቃ አይፈጅባቸውም። አንድ ቀን እኔም ልሞክር ብዬ የሠራሁት የተደፋ ሽሮ ነው የሚመስለው። ሳቁብኝና በእግራቸው አጠፉት።

ዱቄቱ በወጉ የሩዝ ነው። «ለጉንዳንና ለወፍ ቁርስ ነው» ይላሉ። ጠዋት ተስሎ ማታ በእግርና በጎማ ይጠፋል፤ በማግስቱ እንደገና። ዛሬ ግን ብዙው ሰው የሚጠቀመው ከሱቅ የሚገዛ የድንጋይ ዱቄት ስለሆነ ጉንዳኑም ቁርሱን አጥቷል። የአማ ልጅ ደግሞ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። እዚያ ደጅ የለም፣ ኮሪደር ነው ያለው። ኮሪደሩን ጽዳት ሠራተኛ በ2 ሰዓት ይወለውለዋል። እሷ ሙጉ የታተመበት ስቲከር በሯ ሥር ለጥፋለች። እኛም ቤት እኮ ቡና ሲፈላ የሚጎዘጎዘው ቄጠማ ፕላስቲክ ሆኗል፤ ስለዚህ አልፈረድኩባትም።

አሁን ወደ በዓሉ እንምጣ። ከታኅሣሥ አጋማሽ ጀምሮ ጥር ላይ እስከሚውለው ሳንክራንቲ ድረስ ሙጉ ወሩ ነው። ያኔ መንገዱ በሙሉ በቀለም ይሞላል፣ ውድድር ይዘጋጃል፣ ሽልማት አለ፣ ፎቶው በስልክ ይዞራል። ስቲከር የለጠፈችው ልጅ ሳትቀር እናቷ ደጅ መጥታ ከእህቶቿ ጋር እስከ እኩለ ሌሊት ስትስል አይቻለሁ። ያልኳችሁ ይሄንን ነው።

ላፕቶፕ ላይ ቀይና ቢጫ ነጥብ አየሁ። ምንድን ነው?

አዩዳ ፑጃ ነው። መስከረም ወይ ጥቅምት ላይ በሚውለው የናቫራትሪ በዓል በዘጠነኛው ቀን ሰው መሣሪያውን ያከብራል። ድሮ ሰይፍና ማረሻ ነበር። ዛሬ ባጃጁ፣ የልብስ ስፌት ማሽኑ፣ ሰርቨሩ፣ ላፕቶፑ፣ ሁሉም እርድና ኩምኩም የሚባለው ቀይ ዱቄት ይቀባል፣ አበባ ይደረግለታል። አዲስ መኪና ከሆነ በየጎማው ሥር ሎሚ ይቀመጥና ይነዳበታል። የህንድ የጠፈር ድርጅት ኃላፊዎችም ሮኬት ከመተኮሳቸው በፊት የሮኬቱን ትንሽ ሞዴል ይዘው ቲሩማላ ቤተ መቅደስ ይሄዳሉ። እዚያ አገር ይሄ ማንንም አያስገርምም።

በዚያው ቀን መጻሕፍት የዕውቀት አምላክ በምትባለው በሳራስዋቲ ምስል ፊት ይደረደራሉ። በታሚሎች ወግ ታዲያ አንዴ ከተቀመጡ በማግስቱ እስኪነሱ ድረስ ማንበብ ክልክል ነው! የክፍል ጓደኛዬ ሳንድያውን ይዘልላት የነበረው ልጅ ይችን ደንብ ግን አንዲትም ዓመት አልሳታትም። የኔትወርክ መጽሐፉን አስቀምጦ ቀኑን ሙሉ ክሪኬት ያያል።

የፈተና ቀጠሮ ሲይዙ ሰዓት ይመርጣሉ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ራሁ ካላም ይባላል። ቀኑን ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ ለስምንት ይከፍሉታል፤ ከስምንቱ አንዱ አዲስ ነገር የማይጀመርበት ክፉ ሰዓት ነው። ቦታው በየቀኑ ይለያያል። ፀሐይ 12 ሰዓት ላይ ትወጣለች ብለን በኛ አቆጣጠር ስናሰላው ሰኞ ከ1:30 እስከ 3:00፣ ዓርብ ከ4:30 እስከ 6:00፣ ረቡዕ ከ6:00 እስከ 7:30 ይሆናል። ግድግዳ ላይ በሚሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ሁሉ ታትሟል።

ጓደኛዬ ሲሲኤንኤ የሚባለውን የሲስኮ ኩባንያ የኔትወርክ ሰርተፊኬት ሊፈተን ሲመዘገብ ጣቢያው የቀረው ክፍት ቦታ ዓርብ 5 ሰዓት ብቻ ነበር። ራሁ ካላም መሀሉ። «የሲስኮን ጥያቄ ራሁ ነው እንዴ የሚያወጣው?» ብዬ ቀለድኩበት። አልሳቀም። ስምንት ቀን ጠብቆ በመልካሙ ሰዓት ገባ።

ወደቀ።

ታዲያ ተስፋ ቆረጠ?

የቆረጠው ኦኤስፒኤፍ ከሚባለው፣ ራውተሮች መንገድ ከሚመርጡበት ደንብ ጋር የነበረውን ድብብቆሽ ነው። ውጤቱ በየምዕራፉ ተከፍሎ ስለሚሰጥ የት እንደወደቀ ወረቀቱ ላይ ቁልጭ ብሏል። አማ ግን ሌላ መድኃኒት አዘዙ፦ ቺልኩር ባላጂ።

ቺልኩር ከሃይደራባድ ወጣ ብሎ፣ ኦስማን ሳጋር ከሚባለው ግድብ አጠገብ ያለ ቤተ መቅደስ ነው። ሰው «ቪዛ ባላጂ» ይለዋል፤ የአሜሪካ ቪዛ ፈላጊ ስለሚጎርፍበት። ነገሩ በደንብ ይገባናል፣ ስለት ነው። መጀመሪያ ትሄድና መቅደሱን 11 ጊዜ ትዞራለህ፣ ልመናህን ትናገራለህ። ከተሳካልህ ተመልሰህ 108 ጊዜ ትዞራለህ። ደስ ያለኝ የገንዘብ ሳጥን አለመኖሩ ነው። ለትልቅ ሰው የተለየ ሰልፍም የለም። ሚኒስትሩም ሥራ ፈላጊውም በባዶ እግሩ እኩል ይዞራል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ሳንድያ በየቀኑ ለምንም ነገር ሳይሆን የሚደረግ ነው። ቺልኩር አንድ ነገር ሲፈለግ የሚኬድበት ነው። ፈተናና ቪዛ ለኋለኛው ምእመን ያመጡለታል። የፊተኛው ሰው እያጣ ነው።

የፈተናው ዝግጅት ራሱ እንዴት ነው? አሚርፔት ምንድን ነው?

አሚርፔት ሃይደራባድ ውስጥ ያለ ሰፈር ነው፤ የኮምፒውተር ማሰልጠኛ የሞላበት። ፎቁ ከላይ እስከ ታች ማስታወቂያ ለብሷል። ከሜትሮ ስትወርድ በራሪ ወረቀት በእጅህ ይሞላል። ክፍሉ ጠባብ፣ ተማሪው ብዙ፣ አስተማሪው ፈጣን ነው። ማይክራፎኑ አጠገብ የጋኔሻ ምስል አለ፤ ጋኔሻ እንቅፋት አንሺው ባለ ዝሆን ራስ አምላክ ነው። ኢትዮጵያውያንም አይጠፉም።

ሲሲኤንኤ ከየካቲት 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ፈተና ነው፣ ኮዱ 200-301። 120 ደቂቃ፣ 300 ዶላር፣ ሰርተፊኬቱ ለሦስት ዓመት ያገለግላል። ከጥያቄው ሩብ ያህሉ ከአይፒ ኮኔክቲቪቲ ነው፤ ማለትም ራውቲንግ፣ መልእክቱ የሚሄድበትን መንገድ መምረጥ። አንድ ጥያቄ ካለፋችሁ ተመልሳችሁ ማረም የለም፤ ይህን ሳያውቅ ገብቶ የተቃጠለ ብዙ ሰው አለ። የወደቀ ሰው ደግሞ ቢያንስ አምስት ቀን ይጠብቃል።

ምክሬ አጭር ነው። ሰብኔቲንግን፣ ማለትም አንድን ኔትወርክ ወደ ትናንሽ መከፋፈልን፣ ያለ ማሽን፣ በወረቀት፣ በየቀኑ 20 ጥያቄ ሥሩ። ፓኬት ትሬሰር የሚባለውን የኔትወርክ መለማመጃ ሶፍትዌር በነፃ አውርዱና ኔትወርኩን ራሳችሁ ገንቡ፣ ከዚያ ሆን ብላችሁ አበላሹት፣ ፈልጋችሁ ጠግኑት። ቪዲዮ ማየት ጥናት አይደለም። እኔ 40 ሰዓት ቪዲዮ አይቼ አንድ ቪላን (በኔትወርክ ውስጥ የሚለይ ንዑስ ኔትወርክ) መክፈት አቅቶኝ ያውቃል።

የፈተናውን ጥያቄ የሚሸጡ አሉ ይባላል።

አሉ። ዳምፕ ይባላል። አንድ ፎቶኮፒ ቤት ለእኔም ሸጦልኛል፣ ሞኝ ነበርኩ። ግማሹ መልስ ስህተት፣ ግማሹ ጥያቄ ከአሮጌው ፈተና ነበር። ከታወቀባችሁ ሰርተፊኬቱ ይሰረዛል፣ ከፈተናም ትታገዳላችሁ። ካልታወቀ ደግሞ ሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ይታወቃል።

ግን ህንዶች በቃል ማጥናት አይችሉበትም እንዴ? ቬዳን በቃላቸው ነው የያዙት ይባላል።

በቃል መያዝና መሸምደድ ይለያያል፤ የተማርኩትም ከዚሁ ነው።

ሪግቬዳ ብቻውን 1028 መዝሙር ነው። ከአፍ ወደ ጆሮ ነው የተላለፈው። ስህተት እንዳይገባበት ደግሞ አስገራሚ ዘዴ አበጅተውለታል። ሦስት ቃል እንውሰድ፦ «እሳት ሌሊት ነደደ»። ጋና በሚባለው አነባበብ ተማሪው እንዲህ ይላል፦ እሳት ሌሊት፣ ሌሊት እሳት፣ እሳት ሌሊት ነደደ፣ ነደደ ሌሊት እሳት፣ እሳት ሌሊት ነደደ። ከዚያ አንድ ቃል ወደፊት ይሄድና ከ«ሌሊት» ይጀምራል። እንዲህ እያለ መጽሐፉን ይጨርሳል። አንዲት ቃል ብትወድቅ ወይም ቦታ ብትቀይር ሰንሰለቱ ወዲያው ይበጠሳል። ኔትወርክ የተማረ ሰው ቼክሰም ትዝ ይለዋል፤ መልእክቱ ሳይበላሽ መድረሱን የሚያረጋግጠው ቁጥር ማለት ነው። እነሱ ይሄንን በምላሳቸው ሠርተውታል። በዚህ መንገድ የበቃ ሰው ጋናፓቲ ይባላል። የኛን የድጓ መምህር አስቡት፤ ድካሙ ያው ነው፣ የዘመኑ ፈተናም ያው።

ምክንያቱም ይሄም እየሳሳ ነው። ዩኔስኮ የቬዳን ዜማ በ2003 ከዓለም የቃል ቅርሶች መድቦታል። ያኔ እንደተገለጸው ከሺህ በላይ ከነበሩት የአነባበብ ስልቶች የተረፉት 13 ብቻ ናቸው። ዓመታት የሚፈጅ ትምህርት ነው፣ ደመወዙ ትንሽ ነው። አሚርፔት ሦስት ወር ነው።

ጓደኛዬ ከወደቀ በኋላ ሰብኔት ማስክ የሚባሉትን የኔትወርክ መከፋፈያ ቁጥሮች በጋና ስልት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲል ሰማሁት። አጎቱ በልጅነቱ ትንሽ አስተምረውት ነበር አሉ። የጥርስ ብሩሹ አፉ ውስጥ አልነበረም።

መጥፋቱ የሚያስደስት ልማድ የለም?

ሞልቷል። ባሏ የሞተባትን ሴት ከአስከሬኑ ጋር ማቃጠል በ1829 በቤንጋል በሕግ ተከልክሏል። በደቡብ ህንድ የነበረው የትራቫንኮር መንግሥት ዝቅ ተደርገው የሚታዩ ሂንዱዎች ቤተ መቅደስ እንዲገቡ የፈቀደው በ1936 ነው፤ አስቡት፣ ያኔ እኛ ከጣሊያን ጋር ጦርነት ላይ ነበርን። «አትንካኝ» የሚለውን ነውር የ1950ው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 17 ሽሮታል። ታሚል ናዱ በ2021 ብራህሚን ያልሆኑ ካህናትን በመንግሥት በሚተዳደሩ ቤተ መቅደሶች ሾማለች። ሕግ ወጣ ማለት ግን ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። የቤት ኪራይ ስትፈልጉ «ሥጋ ትበላለህ?» ብለው ሲጠይቋችሁ ጥያቄው ስለ ምግብ ብቻ አይደለም፣ ስለ መደብም ነው።

ፕራሳዳም ቢሰጡኝ ምን ላድርግ?

ለአምላካቸው ቀርቦ የሚታደል ምግብ ነው። እምነታችሁ ካልፈቀደላችሁ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ በትህትና እንቢ በሉ፣ ማንም አይቀየምም። ከተቀበላችሁ በቀኝ እጅ። ጫማ ውጪ።

ከቤት ሆኖ ሲፈተኑ መጸለይ ይቻላል?

በልብ። ጓደኛዬ ሁለተኛውን ከክፍላችን ሆኖ ነው የወሰደው። ከመጀመሩ በፊት የክፍሉን አራት ማዕዘን ፎቶ አንስቶ ይልካል፣ ጠረጴዛው ባዶ መሆን አለበት። ትንሿን ጋኔሻ አማ ማድቤት አስቀመጥናት። ከዚያ በካሜራ የሚጠብቅ ሰው አለ፤ ከንፈር ማንቀሳቀስና ማጉረምረም አይፈቀድም። እኔ ከበሩ ውጪ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። የዚያን ዕለት ጠዋት በ12 ሰዓት ነቅቶ፣ ውሃ በመዳፉ ይዞ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ አይቼዋለሁ። እናቱ ገና አልደወሉም ነበር።

አለፈ?

አለፈ። በሳምንቱ እሑድ ስለቱን ሊያገባ ቺልኩር ሄድን። ዙሩ እንዳይጠፋ 108 ቁጥር የታተመበት ካርድ አለ፤ በዞርክ ቁጥር አንዷን ታጠፋለህ። እሱ ይዞራል፣ እኔ ጥግ ቆሜ በእስክሪብቶ አጠፋለሁ። ድንጋዩ ፀሐይ በልቶት ይፋጃል። 63 ላይ ሲደርስ በአጠገቤ እያለፈ «ቀጣዩ ፈተና፣ ሲሲኤንፒ፣ ስንት ወር የሚፈጅ ይመስልሃል?» አለኝ። ስመልስለት አንዷን ሳላጠፋ አለፈችኝ። ነገርኩት። ተመልሶ 109 ዞረ።